ከአል ቁዝ ወደ ዋዲ ቢህ

ወደ ገዳማችን ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚመጣ ተሳላሚ ገደል ምን እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የሰላሌን ሜዳ እያየ ሲመጣ ምድር ከፊቱ በድንገት ተሰንጥቃ ያገኛታል፤ የዜጋ ወደምን ሸለቆ ቁልቁል ተመልክቶ፣ አማትቦ ይወርዳል። ከጎጃም በኩል የሚመጣው ደግሞ ከደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ከዚህም የሚልቀውን አይቷል። የላይኛው ገደል ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከእርሱ ዝቅ ሲል የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ ወደ ጀማና ወደ ዓባይ እየወረዱ ሲሄዱ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበረ፣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይታያል። የጎንደር ነገሥታት ግንባቸውን ያያያዙበት ኖራ፣ ዛሬም በሙገር ተፈጭቶና ተቃጥሎ ሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ የዚሁ ወገን ነው።

ይህን ያስቀደምነው በባሕር ማዶ ያየነውን ሌላ የኖራ ድንጋይ ገደል ለመተረክ ነው። በዚያ ገደል ውስጥ አንድ ጥያቄ ቀርቦልን ነበርና፣ ጥያቄው በገዳም ለምንኖረውም ወደ ገዳም ለሚመጡትም የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው ከጉዞው ጋር አብረን ጽፈነዋል።

በዘንድሮው ጥር ወር በፀባቴው ፈቃድና ቡራኬ ለጥቂት ሳምንታት አገልግሎት ወደ ዐረብ ኤምሬትስ ሄደን ነበር። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የሚኖሩ ምእመናን ብዙዎች ናቸው፤ እኛን የተቀበሉን ግን አል ቁዝ ከሚባለው የዱባይ ሰፈር የሚመጡት ነበሩ። ቁዝ በዐረብኛ የአሸዋ ጉብታ ማለት ነው። ዛሬ አሸዋው በሕንፃና በአስፋልት ተሸፍኗል። በሥዕል የሚታየው ባለ ረጅም ፎቁ ከተማ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አል ቁዝ ግን ጋራዡ፣ መጋዘኑ፣ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤቱ፣ የሠራተኛ ማደሪያው በረድፍ የቆመበት ነው። በአንዳንዱ መጋዘን ውስጥ የሥዕል አዳራሽ እንደ ተከፈተና ባለጠጎች እየመጡ ሥዕል እንደሚገዙ ነገሩን፤ እኛ አልገባንበትም። የገባነው ወደ ማደሪያዎቹ ነው።

በአንድ ክፍል ስድስትም ስምንትም ሰው በተደራራቢ አልጋ ያድራል። ሕንዱ፣ ፓኪስታኑ፣ ኔፓሉ፣ ፊሊፒንሱ፣ የእኛም ልጅ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በእኅቶች ማደሪያ ከአልጋው ራስጌ ሥዕለ አድኅኖ ተሰቅሎ በነጠላ ተጋርዷል፤ ሌሊት ከሥራ የምትመለሰዋ የምትተኛዋን እንዳትቀሰቅስ ዳዊቷን በስልክ ብርሃን ታነባለች። በገዳም የምንኖር ሰዎች ስለ ሌሊት ጸሎት ብዙ እናወራለን። እነዚህ ልጆች በዐሥር ሰዓት ሌሊት ለሥራ የሚጭናቸውን አውቶቡስ ቆመው እየጠበቁ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ አይተናል።

ታዲያ ከእነርሱ አንዳንዶቹ፣ «አባታችን፣ ከዚህ ሰሜን ተራራ አለ፤ ገደሉ የሀገራችንን ይመስላል፤ አብረውን ቢሄዱ» አሉን። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐሥራ አራት ሰው የሚይዝ መኪና ተከራይተው ወሰዱን። ሾፌሩ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም ወንድማችን ነው። ዐረብኛውን እንደ አማርኛው ይናገራል፤ በመንገድም በዚያም ቦታ አስተርጓሚያችን እርሱ ነበር።

ከአል ቁዝ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሻርጃ፣ አጅማን፣ ኡም አል ቀይዋን፣ ከዚያ ራስ አል ኸይማ ይከተላሉ፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ግእዝ የተማረ ሰው ይህን የመጨረሻውን ስም ሰምቶ ዝም ማለት አይችልም፤ ራስ ያው ራስ ነው፣ ኸይማም የእኛው ኀይመት፣ ድንኳን ነው። «የድንኳን ራስ» ማለት ነው። ልጆቹ ስቀው፣ «እንግዲህ አገሩን በግእዝ ተረጐሙት» አሉን።

በኡም አል ቀይዋን ስናልፍ ግን በልባችን የያዝነው ነገር ነበር። ከዚያች ከተማ ዳርቻ ሲኒያ የምትባል ደሴት አለች። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሀገሩ ባለ ሥልጣኖች በዚያች ደሴት የጥንት የክርስቲያን ገዳም ፍርስራሽ መገኘቱን ይፋ አደረጉ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ የጥምቀት ገንዳ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ለቍርባን የሚሆነውን ኅብስት ይጋግሩበት ነበር የተባለ ምድጃም ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲር ባኒ ያስ በምትባል በአቡ ዳቢ በኩል ባለች ደሴት ሌላ ገዳም ተገኝቶ ነበር። ስለዚህ በዚህ ባሕር ዳርቻ የመነኮሳት ደወል ሲሰማ የእኛ ልጆች የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊትም ተሰምቷል።

በመጻሕፍት ጉባኤ ለዋሉ ወንድሞች አንድ ነገር እንጨምር። መጽሐፈ መነኮሳት ብለን ከምንተረጕማቸው ከሦስቱ አንዱ ማር ይስሐቅ ነው፤ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ ሊቃውንቱ አንድምታ ያበጁለት። በልጅነታችን ስንማረው የሶርያ ሰው ነው ሲሉን በሐሳባችን በረዶ ያለበት ደጋ እናስብ ነበር። ነገር ግን ማር ይስሐቅ የተወለደው በሰባተኛው መቶ ዘመን ቤተ ቀጥራዬ በተባለው አውራጃ ነው፤ ይህም የዛሬዎቹን ቀጠርንና ባሕሬንን የሚያካትት የዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነው። በነነዌ ጵጵስና ተሹሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ የሄደው ይህ የሙቀትና የአሸዋ አገር ልጅ ነው። ስለ ዝምታና ስለ በረሓ ያስተማረን ሰው፣ የእኛ እኅቶች በበጋ ላብ አጥልቋቸው የሚያጸዱት ሕንፃ የቆመበትን ባሕር ያውቀዋል። ይህን በመኪናው ውስጥ ስንናገር የተኙት ነቁ። አንደኛዋ፣ «ታዲያ እርሱም ከዚህ ሸሽቶ ነው የሄደው» አለች፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኛም መልስ አልሰጠንም።

ራስ አል ኸይማን ካለፉ በኋላ የሐጀር ተራሮች እንደ ግንብ ይቆማሉ። ሐጀር ማለት ድንጋይ ነውና ስሙ ለነገሩ ይስማማል። ከእነዚህ ከፍ ካሉት አንዱ ጀበል ጀይስ የሚባለው ሲሆን ጫፉ 1,934 ሜትር ነው፤ በጥር 2001 ዓ.ም. በረዶ ወርዶበት የአገሩ ሰው ሁሉ ሊያየው እንደ ወጣ ይነገራል። ዛሬ ወደ ላይ ጥሩ መንገድ ተሠርቶለት፣ ሰው በሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በገደል ላይ የሚበርበት መዝናኛም አለው። ወጣቶቹ ወደዚያ እንዲወስዱን ፈልገው ነበር፤ እኛ ግን በስድሳ ዓመታችን ካለፍን በኋላ በሽቦ ለመብረር አልተጠራንም ብለን ወደ ዋዲ ቢህ ዞርን።

ዋዲ የሚሉት ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚፈስስ የወንዝ መሄጃ ነው። ዋዲ ቢህ ከተራሮቹ መካከል ወደ ራስ አል ኸይማ ሜዳ ይወጣል፤ በአፉ ላይ ጎርፉን የሚያግድ ግድብ አለ። ግድቡን አልፈው ሲገቡ ወዲያና ወዲህ ግድግዳው ይነሣል። መንገዱ ቀርቶ በወንዙ ጠጠር ላይ የሚሄዱ ይመስላል፤ ድንጋዩ ሁሉ ክብ፣ ነጭና ግራጫ፣ ውኃ ያለሰለሰው ነው። ውኃው ግን የለም። ይህ ለእኛ አስቸጋሪ ነበር። በሀገራችን ገደል ውስጥ ሰው ዐይኑ ሳያይ አስቀድሞ ጆሮው ወንዙን ይሰማል፤ እዚህ ገደሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ድምፅ የለውም። ከመኪናው ወርደን መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ቆሞ ማዳመጥ ነበር፤ የሰማነው የፍየል ሰኮና ነው።

ግድግዳው ሥር ቀርበን እጃችንን አሳረፍንበት። የኖራ ድንጋይ ነው፤ በዓባይ በረሓ እንደምናውቀው ሁሉ ንብብር ነው፤ ነገር ግን የእኛው ቀጥ ብሎ ተጋድሞ ሲተኛ ይህ እንደ ታጠፈ ብራና ተጠማዝዟል። ቀረብ ብሎ ለሚያይ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ በዐለቱ ውስጥ ይታያል። የምድር ተመራማሪዎች እንደሚሉት የዓባይ ገደል የኖራ ድንጋይና የዚህ ተራራ የኖራ ድንጋይ ታላቅ ክፍል በአንድ ዘመን፣ ባሕር ምድሩን ሸፍኖት ሳለ፣ ከባሕር ፍጥረታት ቅሬታ የረጋ ነው፤ የኤርትራ ባሕርም በመካከል ገና አልተከፈተም፣ ዐረብና አፍሪካ አንድ ምድር ነበሩ። የዓመቱን ቍጥር ለእነርሱ እንተውላቸው። እኛን የገረመን ይህን ለምእመናኑ ስንነግራቸው የሆነው ነው፤ አንድ ልጅ ጫማውን አውልቆ ባዶ እግሩን በድንጋዩ ላይ አቆመ። ምንም አልተናገረም።

የዚህ ተራራ ድንጋይ በትልልቅ መርከብና መኪና እየተጫነ ለባሕረ ሰላጤው ከተሞች ግንባታ ይሄዳል። ከምእመናኑ አንዱ የኮንክሪት ሠራተኛ ነበርና፣ «አባታችን፣ እኔ እኮ ይህን ተራራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ» አለን።

የኖራ ድንጋይ ውኃን አያፈስስም፣ ይደብቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት እየበላ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ በጠጠር ውስጥ ተኝቶ የተምር አትክልቱን ጕድጓድ ይመግባል። ግድቡም የተሠራው ውኃውን ለማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ወደ ምድር ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ለማቆየት ነው። በገደሉ ውስጥ ግራርና ቁርቁራ ይበቅላሉ። ቁርቁራውን አይተን ፈጥነን ቀረብን፤ የጌታችን የእሾህ አክሊል ከእርሱ ነው የሚባልለት ዛፍ ነውና። ፍሬው ሳይበስል ነበር፤ ልጆቹ ግን ሳይበስል በሉት።

ነገር ግን ይህ ዝምተኛ ገደል ሲናገር ሰው ይገድላል። ዝናቡ በተራራው ላይ ይዘንብና ፀሐይ በሚያበራበት በታችኛው ሸለቆ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል። በሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በኤምሬትስ የወረደውን ዝናብ በዜና የሰማችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ መዝገብ መያዝ ከተጀመረ በሰባ አምስት ዓመት ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ነበር፤ አል ዐይን አጠገብ በአንድ ቦታ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ወርዷል። በአል ቁዝም መጋዘኖች ውኃ እንደ ገባ፣ ልጆቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ ላይኛው ፎቅ እንደ ወጡ ነገሩን። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የሀገሩ ሕግ ጎርፍ ባለበት ዋዲ መኪና የሚያስገባው 2,000 ድርሃም እንዲቀጣ፣ መኪናውም ለ60 ቀናት እንዲያዝ ደንግጎ ነበር። ወደዚያ ለሥራ የሄዱ የተሳላሚዎቻችን ዘመዶች ይህን ጽሑፍ ካገኙት ምክራችን ይህ ነው፤ በተራራው ላይ ደመና ካያችሁ፣ ቦታው የቱንም ያህል ደረቅ ቢመስል አትግቡ። ጸሎታችሁን በቤታችሁ አድርሱ።

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ አንድ ሽማግሌ ከፍየሎቻቸው ጋር አገኘን። ሺሑህ ከሚባሉት የተራራው ሰዎች ወገን ናቸው። በእጃቸው ረጅም በትር፣ በጫፉ ትንሽ የብረት መጥረቢያ ያለበት፤ ጅርዝ ይሉታል። እርሳቸው መቋሚያችንን ተመለከቱ፣ እኛም ጅርዛቸውን፤ ከዚያ ሁለታችንም ፈገግ አልን። ሾፌሩ ሰላምታችንን ካስተረጐመ በኋላ ምንጣፍ አንጥፈው ሄል ያለበት ቡናና ተምር አቀረቡልን። ቡናው የሄል መረቅ ይመስላል፤ የሰጡን ግን በሙሉ ደስታ ነበርና ሦስት ሲኒ ጠጣን።

በገደሉ አናት በድንጋይ የተካበ እርከን አለ፤ አባቶቻቸው በዝናብ ስንዴና ገብስ ይዘሩበት ነበር። ውኃውን በዐለት ጕድጓድ ያጠራቅሙታል። ወገባቸው በመሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ግድግዳቸው ከሰው ቁመት በሚበልጥ ድንጋይ የተሠራ ቤቶችንም አሳዩን፤ ስሙ በይት አል ቁፍል ነው። ሾፌሩ ሊያስረዳን ሲጀምር ምንም አላስፈለገንም፤ ቤተ ቁልፍ ነውና። በበጋ የተራራው ሰው ለተምር መከር ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ እህሉንና ዕቃውን በታላላቅ ገንቦ ከትቶ፣ በእንጨት ቁልፍ ዘግቶ ይሄዳል። ገንቦዎቹ ከበሩ ስለሚበልጡ ቤቱ የሚሠራው በዙሪያቸው ነው ይላሉ። ወር ቆይቶ ሲመለስ ቤቱ እንደ ተቆለፈ ያገኘዋል። ይህን ስንሰማ ከእኅቶች አንዷ ፊቷን አዞረች። ጥያቄውን ያመጣችው እርሷ ናት።

መንገዱ ወደ ዑማን ድንበር የሚያመራ በመሆኑ ከኬላው አስቀድመን ቆምን። በገደሉ ክንድ በሚመስል ጠባብ ቦታ፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ የዐለት ጎድጓዳ አለ፤ ከታኅሣሥ ዝናብ የቀረ ንጹሕ ውኃ ይዞ ነበር። ልጆቹ እንጀራቸውንና ሽሯቸውን ከፈቱ። እኅታችን ግን አልበላችም። ከበሉ በኋላ ጠጋ ብላ፣ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አልናት።

ነገሯ ይህ ነው። ከሀገር ከወጣች ሰባት ዓመቷ ነው። በሁለተኛው ዓመት እናቷ በጽኑ ታመሙ፤ ያን ጊዜ፣ እናቷ ቢድኑላት ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ በእግሯ ወጥታ ጧፍ ልታበራና ከጠበሉ ልትጠመቅ ተሳለች። እናት ዳኑ። ኩባንያው በየሁለት ዓመቱ የሚሰጣትን የመመለሻ ቲኬት ግን በገንዘብ እየተቀበለች ወደ ቤት ላከች፤ ሁለት ወንድሞቿን የምታስተምረው እርሷ ናትና። ስእለቷ ሳይፈጸም አምስት ዓመት አለፈ። ሌሊት ሲያስጨንቃት ትነቃለች። «ይህን ውኃ ይባርኩልኝና እዚሁ ልጠመቅ፤ ገደሉም እንደ እርሱ ነው፤ ስእለቴ ይፈታልኝ» አለችን።

ሌሎቹ እንደሚደግፏት ፊታቸው ይናገር ነበር። አብሮን የነበረ አንድ ዲያቆን፣ የተማረ ልጅ ነው፣ የበለጠ አጠነከረው። «አባታችን፣ ቦታው ቀድሞ ደብረ አስቦ ነበር። ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ሊባኖስ ከባሕር ማዶ ወደ ሸዋ ከመጣ፣ ደብረ ሊባኖስ ለአንድ ቀን ወደዚህ ቢመጣ ምን ነውር አለው?» አለ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሊባኖስ ተራራ ራሱ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቃዲሻ የሚባል የወንዝ ገደል አለው፣ ስሙም ቅዱስ ማለት ነው፤ ከጥንት ጀምሮ መነኮሳት በዋሻዎቹ ኖረዋል፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ከእኛ ሀገር የሄዱ መነኮሳትም በዚያ አካባቢ ነበሩ። ዛሬ በሊባኖስ የቤት ሠራተኞች ሆነው የሚኖሩ እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። ስም እንዲህ ከምድር ወደ ምድር ይሻገራል፤ ሰውም ይከተለዋል።

ለዲያቆኑ የመለስንለት በስሙ ቅደም ተከተል ነው። በሸዋ ገደል መጀመሪያ ጻድቁ ነበሩ፤ ዋሻው፣ ጾሙ፣ ቁመቱ ነበረ። ከዚያ ደቀ መዛሙርታቸው ቀሩ፤ ዐፅማቸው ዐረፈ፤ ጠበሉ የታመመውን ፈወሰ። ሊባኖስ የሚለው ስም የመጣው ከዕረፍታቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እዚህ ግን ስሙን አስቀድመን ልናመጣ ነው፤ የሚከተለው ምንድን ነው? ደግሞም ይህ ገደል ባለቤት አለው። ቡናቸውን የጠጣንላቸው ሽማግሌ አባቶቻቸው በዚህ ተቀብረዋል። በእንግድነት ገብቶ በሰው ሸለቆ የራስን መካን ማቆም ለእንግዳም ለመነኩሴም የሚገባ ሥራ አይደለም። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ አንገቱን ነቀነቀ።

ውኃውን መባረክማ ይቻል ነበር። ውኃ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፤ ካህን ጸልዮበት እርሷ ብትጠመቅበት ማንም አይከለክልም። የልጅቱ ስእለት ግን የውኃ ስእለት አልነበረም፤ የእግር ስእለት ነበር። ጧፉን በሰው እጅ መላክ ይቻላል፤ እግርን ግን በሰው እጅ መላክ አይቻልም። የንስሐ አባቷ ከባድ ምክንያት አይተው ስእለቱን በሌላ በጎ ሥራ ሊለውጡላት እንደሚችሉ ነገርናት፤ ይህ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያለ ነው። እኛ ግን ለጊዜው እንዲለወጥ አልመከርንም።

ምክንያታችንን በሌሎቹ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ ነገርናት፤ አሁን የጻፍነውም በፈቃዷ ነው። ታሪኳን ስትናገር ልብ ያልነው አንድ ነገር ነበር። ኩባንያው እንድትቆይ ይፈልጋል። ወንድሞቿ እንድትቆይ ያስፈልጋቸዋል። የዳኑት እናቷም እንኳ በስልክ፣ «አንድ ዓመት ጨምሪ» ይሏታል፤ በክፋት ሳይሆን በችግር። እርሷም ለራሷ እንዲሁ ትላለች። በዚህ ሁሉ መካከል ወደ ሀገርሽ ነዪ የሚላት ያ ያልተፈጸመ ስእለት ብቻ ነው። እርሱን በዚያ ጎድጓዳ ውኃ ብናጥብላት፣ ሌሊት የሚያስነሣት ነገር ያበቃል፤ ነገር ግን የምትመለስበት ምክንያት ሁሉ አብሮ ያበቃል። እንግዲያስ ጭንቀቷን ማቅለል እኛን በፊቷ ደግ ያስመስለን ነበር እንጂ ለእርሷ አይጠቅማትም ብለን ፈረድን። አንዳንድ ወንድሞች ከተመለስን በኋላ ሰምተው ጨከናችሁ ብለውናል። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ፍርዳችንን ግን አልለወጥንም።

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ወደ ጎድጓዳው ሄዳ ፊቷንና እጇን ታጠበች፤ ጸሎት አላደረግንበትም፤ የዝናብ ውኃ ሆኖ ቀረ። ተመልሳ፣ «እንግዲያስ አባቴ፣ ቀኑን አብረውኝ ይቁጠሩ» አለች። ውሏ በሐምሌ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ታላቅ በዓል ነሐሴ 24 ነው፣ የጻድቁ ዕረፍት። በጣታችን ስንቆጥር ሌሎቹም ገቡበት፤ የኮንክሪት ሠራተኛው የራሱን ውል፣ ዲያቆኑ የራሱን፤ ሾፌሩም ወሎ የቀሩ ልጆቹን ሊያይ የሚሄድበትን ወር ነገረን። ሁሉም ወር የራሱ የሆነ ሰው ነበረው። አቡነ ዘበሰማያት በለሆሳስ ደግመን ተነሣን።

ሲመሽ አል ቁዝ ደረስን። መኪናው በየማደሪያው ደጅ እየቆመ አንድ አንድ ሰው ያወርድ ነበር፤ ዐሥር ሰዓት ሌሊት አውቶቡሱ ይመጣልና ማንም ደጅ ላይ አልዘገየም።

እንግዲህ ለገዳማችን አባቶችና ወንድሞች፣ በተለይም በእንግዳ ማረፊያውና በጠበሉ ተራ ለምታገለግሉ የምንለው አለን። በየበዓሉ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ የሚመጡ አሉ። ታውቋቸዋላችሁ፤ ትልቅ ሻንጣ ይጎትታሉ፣ ጫማቸው ለገደሉ አይሆንም፣ የጾሙን ቀን አሳስተው ሊመጡ ይችላሉ። እናንተም፣ «ይህን ያህል ዓመት የት ነበርሽ?» የሚል ጥያቄ ከአፋችሁ ሲወጣ ሰምተናል። እባካችሁ አትጠይቋቸው። የት እንደ ነበሩ ያውቃሉ። ሻንጣውን ተቀብላችሁ በዕቃ ቤቱ አስቀምጡላቸው፤ ቁልፉን ከምትይዙት አንዱ በዋዜማው ሌሊት እንዳይጠፋ አደራ፤ ወደ ዋሻው የሚወጣውን መንገድ በቀን ብርሃን አሳዩአቸው፤ በእግር የመጣ ስእለት ነውና በፈረስ ወይም በቅሎ ውጡ ብላችሁ አታግባቧቸው። ጧፍ የሚገዙበት ቦታ በዓል ሲሆን ቀድሞ ስለሚያልቅ ከነሐሴ 23 አስቀድሞ ጥቂት ቢቀመጥ መልካም ነው።

የክርስትና ስሟን በማስታወሻችን ይዘናል። ከሌሎቹ ዐሥራ ሁለት ስሞች ጋር በቅዳሴ ይታሰብ ዘንድ ለሰሞነኛው ሰጥተነዋል።